ከመሶቡ ሳይርቁ ክብደት መቀነስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክብደት መቀነስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በስንት ወር ስንት ኪሎ?» ብሎ ነው። እኔ ግን ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። ይህን ሊጀምሩት ያሰቡትን ነገር የዛሬ አምስት ዓመትም ያደርጉታል? የማያደርጉት ከሆነ የቀነሱት ኪሎ ይመለሳል። ከታች ያሉትን መልሶች ስጽፍ በልቤ የያዝኩት ይህን ነው። እንጀራ የሚበላ፣ ቡና የሚጠጣ፣ የሚጾም፣ ሠርግና ለቅሶ የማይቀርለት ሰው ሊዘልቅበት የሚችለውን ብቻ መርጫለሁ።

መቀነስ እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?

ሁለት ነገር ይለኩ፤ ክብደትዎንና ወገብዎን።

ክብደትዎን በኪሎ ይያዙና ለቁመትዎ በሜትር ሁለት ጊዜ ያካፍሉት። ቁመትዎ 1.65 ሜትር፣ ክብደትዎ 75 ኪሎ ነው እንበል። 75ን ለ1.65፣ የመጣውን እንደገና ለ1.65 ሲያካፍሉት 27.5 ይሆናል። ከ18.5 እስከ 25 ያለው ጤናማ ነው። ከ25 በላይ ከሆነ ክብደቱ ከመጠን አልፏል። ከ30 በላይ ሲሆን ሐኪሞች ውፍረት ብለው የሚመዘግቡት ደረጃ ላይ ደርሷል።

ለእኛ ሰው ግን ከዚህ ቁጥር ይልቅ ወገብ ብዙ ይናገራል ብዬ አምናለሁ። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቦርጭ ብቻ ያወጣ ሰው በየቤቱ አለ። ሚዛን ላይ ሲወጣ «ደህና ነኝ» ይላል። ከስኳር በሽታና ከደም ግፊት ጋር በጣም የሚያያዘው ግን ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ ጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ነው። መለኪያው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሃል፣ ሆድዎን ሳያስገቡ ይለኩ። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ መጠንቀቅ ይገባል። ለሴት 88፣ ለወንድ 102 ካለፈ ነገሩ ከበድ ይላል።

ስንት ኪሎ ብቀንስ ነው ለጤናዬ የሚጠቅመኝ?

ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ። አሁን ካለዎት ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲቀነስ የደም ስኳርና ግፊት ላይ ለውጥ ይታያል። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት ነበር። የተሳተፉት ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ናቸው። ግባቸው ከክብደታቸው 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር፤ አብዛኞቹ ያደርጉት የነበረውም የእግር ጉዞ ነው። በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን ኪኒን የወሰዱት ላይ የቀነሰው በ31 በመቶ ነው። እኔ ይህን ውጤት ለሰው መንገር አይሰለቸኝም።

ፍጥነቱን በተመለከተ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከበቂ በላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ኪሎ የቀነሰ ሰው ብዙውን ያጣው ውሃ ነው፤ ስቡ ገና ብዙም አልተነካም። በወር አንድ ኪሎ ብቻ ቢቀንሱም አይዘኑ። በዓመት 12 ኪሎ ነው።

እንጀራ መተው አለብኝ?

የለብዎትም። እንጀራ የተወ ሰው ጥቂት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ አንድ ቀን የእናቱ ቤት ይሄድና ሁሉም ያበቃል። ጤፍ ራሱ ጥሩ እህል ነው። ፍሬው በጣም ትንሽ ስለሆነ ከነገለባው ይፈጫል፤ ስለዚህ አሰሩ (ፋይበሩ) አይጠፋም። «ቀይ ጤፍ አያወፍርም» የሚባለው ግን ልክ አይደለም። በካሎሪ ከነጩ ጋር እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት የላቸውም።

ችግሩ መጠኑ ነው፤ መጠኑ ደግሞ አይታይም። ከትሪ ላይ ከአምስት ሰው ጋር ሲበሉ ምን ያህል እንደበሉ የሚያውቁበት መንገድ የለም። እንጀራ ይጨመራል፣ ወጥ ይጨመራል፣ ወሬው ይቀጥላል። ፍርፍር የባሰ ነው። ሁለት እንጀራ ተፈርፍሮ በዘይትና በቅቤ ሲርስ አንድ ሳህን ውስጥ ይገባል። ተጠቅልሎ ቢቀርብልዎ ሁለቱንም ለቁርስ አይጨርሱም ነበር።

ሦስት ነገር ይሞክሩ፤ አንዱ ይስማማዎታል። አንደኛው፣ ከመቀመጥዎ በፊት እንጀራውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን መሶብ ውስጥ መመለስ ነው። ሁለተኛው፣ ከሥር ያለውን፣ ወጥ የጠጣውን እንጀራ መተው ነው። በጣም የሚጥመው እሱ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዘይቱ ሁሉ የሚወርደውም እዚያ ነው። ሦስተኛው ጎመኑን፣ ቀይ ሥሩን፣ ሰላጣውን አብዝቶ መጀመሪያ መብላት ነው። ርሃቡ ጋብ ካለ በኋላ ወደ እንጀራው የሚሄደው እጅ ቀስ ይላል።

ከባዱን ምግብ ወደ ቀን ማምጣትም ለብዙ ሰው ይሠራል። ቀኑን በማኪያቶ ውለው ማታ 3 ሰዓት ላይ ገበታ የሚቀርቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። እንዲያ የራበው ሰው መጠኑን ሊያውቅ አይችልም። ጠዋት እንቁላል፣ ቂንጬ ወይም ትንሽ በሶ መብላት ማታን ያቀለዋል።

እንጀራው ካልሆነ የሚያወፍረኝ ምኑ ነው?

በብዙ ቤት መልሱ ወጡ ውስጥ ነው። ዘይቱ።

አንድ ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። አንድ ግራም ዘይት ግን 9። የወይራ ዘይትም፣ የሱፍ ዘይትም፣ «ኮሌስትሮል የለውም» ተብሎ የሚሸጠውም በዚህ በኩል ያው ናቸው። የተነጠረ ቅቤም እዚያው አካባቢ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ደግሞ ወደ 600 ይጠጋል።

አሁን ወጥ ሲሠራ ያስቡት። ጀሪካኑ ይነሳል፣ ዘንበል ይላል፣ «ይበቃል» እስኪባል ይፈሳል። የሚለካ የለም። ጨውን በጣታችን ቆንጥረን የምንጨምር ሰዎች ዘይትን በዓይን ነው የምንሰጠው። ለዚህ ነው የምግቡን ዓይነት ሳይቀይሩ ከሁሉ በላይ ለውጥ የሚመጣው እዚህ ጋ የሚሆነው።

ሽንኩርቱን ደረቁን ያቁላሉት። ደቀቅ አድርገው ይክተፉና ያለ ዘይት ድስት ላይ ይጣዱት። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል። ውሃው ሲመጥጥ ከሥር መያዝ ይጀምራል። ያኔ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርገው በማማሰያ ያላቅቁት። እንደገና ይመጥጣል፣ እንደገና ጠብ ያድርጉ። ሽታው ዓይን ከሚያቃጥለው ወደ ጣፋጩ እስኪዞር፣ መልኩም ቡናማ እስኪሆን ድረስ መታገስ ነው። ከዚያ በርበሬው ይገባል፤ እንዳያር አሁንም ውሃ ጠብ እያደረጉ ያሹታል። ዘይቱ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው፣ በሾርባ ማንኪያ ተለክቶ። ለአራት ሰው ወጥ ሦስት ማንኪያ ይበቃል።

ባለሙያ የሚባሉ እናቶች ዛሬም ሽንኩርት የሚያቁላሉት እንዲህ ነው። ወጡ አይጎድለውም። ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ ሽንኩርቱ ራሱ ወጡን ያወፍረዋል። የሚጎድለው ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ቀይ ዘይት ብቻ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። ሁለት ሲኒ ዘይት ይፈስበት የነበረ ወጥ በሦስት ማንኪያ ሲሠራ ከ800 ካሎሪ በላይ ይቀንሳል። ለአራት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 200 ገደማ ነው። ያውም በአንድ ገበታ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ በየቀኑ 200 መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም። ማንም ሰው ግን «አመጋገቤን ቀየርኩ» አይልም። ሽሮው ሽሮ ነው፣ ምስሩም ምስር።

ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠሩት እርስዎ ካልሆኑ ለሚሠራው ሰው በፍቅር ያስረዱ፤ ጀሪካኑ አጠገብም አንድ ማንኪያ ያስቀምጡ። ምግብ ቤት ሲሆን «ዘይት ቀነስ ይደረግልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ስኳርስ? ቡናዬን ያለ ስኳር መጠጣት አልችልም።

ዛሬ አይችሉም ይሆናል። ከሦስት ወር በኋላ ይችላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። 5 በመቶው ለአዋቂ ሰው 25 ግራም፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሁለት በሁለት ማንኪያ ስኳር የጠጣ ሰው በአንድ ቡና ስድስቱን ጨረሰ። የጠዋቱ ሻይ ገና አልተቆጠረም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ 330 ሚሊ ሊትሩ፣ ብቻውን 35 ግራም ገደማ አለው። ስኳርና ቪምቶ የተጨመረበት አቮካዶ ጁስ ደግሞ እንደ መጠጥ ሳይሆን እንደ አንድ ምሳ ይቆጠር።

በአንዴ ማቆም ለጥቂት ሰው ይሆናል። ለብዙው የሚሆነው በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ነው። ምላስ ይለምዳል። የለመደ ሰው ወደ ድሮው ሲመለስ «ይሄ ሽሮፕ ነው እንዴ?» ይላል። ቡናው ራሱ ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከሥርዓቱ አንድም ነገር መተው አያስፈልግም። ቡና ቁርሱ ላይ ግን ዓይንዎን ይጣሉ። ፈንዲሻና ቆሎ በእፍኝ ይሁን፤ ዳቦው በየሲኒው አይቆረስ።

ቢራና ጠጅም ካሎሪ ናቸው። አንድ ቢራ 140 አካባቢ ነው። አብሮት የሚመጣውን ጥብስ ግን ማንም አይቆጥርም።

ጾም ክብደት ይቀንሳል?

ጾም ለነፍስ ነው። ለክብደት ተብሎ አልተሠራም፤ እንደዚያ ባናየውም ደስ ይለኛል። ሆኖም ጥያቄው በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ስለሚመጣ ልመልሰው።

በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የሚቀንሱ አሉ፤ የሚጨምሩም አሉ። የሚጨምሩት ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ ሲወጣ ቦታውን ዘይት፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ይይዙታል። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ የዋለ ሰው ሲቀመጥ ለሁለት ሰው ይበላል። በዚያ ላይ የፋሲካ ሳምንት አለ። ለሁለት ወር የራቀውን ቅቤና ዶሮ በሦስት ቀን ሊያካክስ የሚሞክር ሆድ ይጨነቃል፤ ሚዛኑም ይነሳል።

የጾም ምግብ ግን ሀብት አለው። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና አተር ፕሮቲንም አሰርም ያላቸው፣ ቶሎ የማያስርቡ ናቸው። አዚፋና ሥልጆ ወጥ ያህል ዘይት አይጠጡም። ጎመን በትንሽ ዘይት፣ ባቄላ ንፍሮ፣ በስልስ ፈንታ ቲማቲም በሎሚና በቃሪያ። ጾሙን ሲፈቱ በንፍሮ ወይም በሾርባ ጀምረው ጥቂት ቆይተው ወደ እንጀራው ይሂዱ።

በረመዳንም ነገሩ ይመሳሰላል። ተምርና ውሃ፣ ከዚያ ሾርባ፣ ከዚያ ሶላት። ከሶላት መልስ የሚቀርበው ምግብ ይመጠናል። የሚከብደው በዘይት የተጠበሰው ሳምቡሳ በአንድ ሰሃን ተከምሮ ከጣፋጭ ጁስ ጋር ሲመጣ ነው። ለሱሁር፣ ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ፣ መነሳትን አይተዉ።

የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ከመጾማቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምናገረው።

ጂም መግባት ግዴታ ነው?

አይደለም። ይራመዱ።

የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። እያወሩ መሄድ የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የማይችሉበት ፍጥነት። በአምስት ቀን ሲካፈል 30 ደቂቃ ነው፤ 30ውን ደግሞ በሦስት አሥር ደቂቃ መክፈል ይቻላል። አንድ ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ መውረድ አንዱን አሥር ደቂቃ ይሰጣል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሊፍት ስለሌለው ያማርራል። እኔ ግን ነፃ ጂም አለው እላለሁ። አዲስ አበባ ላይ የኮሪደር ልማቱ የደረሰባቸው መንገዶች ሰፊ የእግረኛ መንገድ አላቸው። ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ የሚሮጠው ሰው ብዛት ብቻውን ያነሳሳል። እንጦጦ ሲወጡ ግን አይቸኩሉ፤ ዳገቱም ከፍታውም ልብ ያስመታል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። በእርምጃ ብቻ ብዙ ኪሎ አይቀንስም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ቢራመድ የሚያቃጥለው ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት እምብዛም አይበልጥም። ኪሎው የሚቀንሰው ገበታ ላይ ነው። እርምጃው የሚያስፈልገው የቀነሰው እንዳይመለስ ነው፤ ለልብም፣ ለእንቅልፍም፣ ለስሜትም።

በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ ነገር ይጨምሩበት። ክብደት ሲቀንስ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል፤ በተለይ ዕድሜ 50ን ሲያልፍ። እጅን ሳይደገፉ ከወንበር ደጋግሞ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ላይ ፑሽአፕ መሥራት ለጀማሪ ይበቃል። ግብ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሚካሄደውን የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ያስብ። እየተራመዱ የሚጨርሱት ብዙ ናቸው።

ሰው ቤት ስሄድ «በሞቴ» እያሉ ያስበሉኛል። ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ከጀርባው ፍቅር አለ። «አፈር ስሆን» የሚሉ እናት እምቢ አይባሉም።

ልምድ ያላቸው ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ። መጀመሪያ ሲቀርብላቸው በጣም ትንሽ ያነሳሉ። ሲጨመርላቸው እምቢ አይሉም፤ ቦታ አስቀርተዋልና። ቀስ ብለው ይበላሉ። ፊታቸው ያለው እንጀራ አያልቅም። ያለቀበት እንግዳ ይጨመርለታል፤ ያላለቀበትን «ብላ እንጂ» ብለው ያልፉታል። ጉርሻ ይቀበላሉ፣ ከዚያ ደግሞ እነሱ ያጎርሳሉ። የማይፈልጉትን ምግብ ከማማረር ይልቅ የፈለጉትን አንዱን ያመሰግናሉ፤ «ጎመንሽን ጨምሪልኝ» የምትባል ባለቤት አትከፋም።

«ዳይት ላይ ነኝ» ብሎ ማወጅ አይመከርም። ወዲያው ክርክር ይከፈታል። «ምን ጎደለሽና ነው? ደግሞ ያንቺ ውፍረት ነው?» ይባላል። እኛ ጋ ሰው ሲወፍር «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» ነው የሚባለው፤ ሲቀንስ ደግሞ «ምነው ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» ይመጣል። ስድስት ኪሎ ቀንሰው የደም ግፊታቸው የተስተካከለ ሰዎች በዚህ አንድ ጥያቄ ተደናግጠው ወደ ነበሩበት ሲመለሱ ይታያል። መልሱን አስቀድመው ያዘጋጁ፤ «ሐኪም ነው ያዘዘኝ፣ ደህና ነኝ» ካሉ ይበቃል።

የማቅጠኛ ሻይ፣ ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ የሆድ ቀበቶ ይሠራሉ?

ስብ አያቀልጡም። ብዙዎቹ የማቅጠኛ ሻዮች ሰና የሚባለውን ቅጠል የመሰለ የሚያስቀምጥ ነገር አላቸው። የሚወጣው ውሃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል፤ ሲደጋገም ደግሞ አንጀትን ሊጎዳ ይችላል። ቀበቶውም የሚያስወጣው ላብ ነው። ሎሚ በውሃ የሚጠቅመው ለስላሳውን የተካ እንደሆነ ነው።

ኦዜምፒክ ስለሚባለው መርፌስ?

ሴማግሉታይድ ይባላል። መጀመሪያ የወጣው ለስኳር ሕመምተኞች ነው። ዊጎቪ በሚል ስም ለክብደት መቀነሻ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በሳምንት አንዴ የሚወጋ ሲሆን የርሃብን ስሜት ይቀንሳል። በዋናው ሙከራ ተሳታፊዎቹ በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 15 በመቶ ያህል ቀንሰዋል። መርፌውን ካቆሙ በኋላ ሲታዩ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል።

ለሚያስፈልገው ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የሚወስዱትን አልነቅፍም። ነገር ግን ሐኪም ሳያዝዝ፣ በሻንጣ የመጣ፣ ቅዝቃዜው መጠበቁ የማይታወቅ መርፌ ከማኅበራዊ ሚዲያ ገዝቶ መውጋት አደጋ ነው።

ስቀንስ ቆይቼ ለምንድን ነው የሚመለሰው? ፈቃደ ደካማ ነኝ?

አይደሉም። ሰውነትዎ የጠፋበትን እየፈለገ ነው።

ክብደት ሲቀንስ ሁለት ነገር ይከሰታል። ትንሽ የሆነ አካል ትንሽ ካሎሪ ያቃጥላል፤ ስለዚህ 80 ኪሎ ሳሉ የሚያስቀንስዎ ምግብ 70 ሲሆኑ ባሉበት ያቆምዎታል። ከዚያ ደግሞ የርሃብ ሆርሞን ይጨምራል፣ የጥጋቡ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ይህ ለውጥ ክብደት ከቀነሰ ከአንድ ዓመት በኋላም እንዳልጠፋ አሳይቷል። ስለዚህ የሚርብዎ ሆዳም ስለሆኑ አይደለም። ለዚህም ነው በከባድ ዳይት የቀነሰ ሰው ዳይቱ ሲያበቃ የሚሸነፈው፤ ርሃቡ አለ፣ የሚከላከልበት ልማድ የለውም።

የሚዘልቁትስ ምን ያደርጋሉ? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ከዓመት በላይ ያቆዩ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ። የቀነሱበት መንገድ የተለያየ ነው። ካቆዩ በኋላ የሚያደርጉት ግን ይመሳሰላል። አብዛኞቹ ቁርስ ይበላሉ። ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይመዘናሉ። በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ። ቴሌቪዥን ፊት ብዙ አይቀመጡም። ከእነዚህ አንዱም የሚያስደንቅ ነገር የለበትም። ያስደነቀኝ ሁሉንም ዓመት ከዓመት ማድረጋቸው ነው።

አንድ ልማድ እስኪዋሃድ ጊዜ ይፈልጋል። ለንደን ላይ በተደረገ ጥናት ሰዎች አንድ አዲስ ነገር ሳያስቡት እስኪያደርጉት በአማካይ 66 ቀን ወስዶባቸዋል፤ ለአንዳንዱ 18፣ ለአንዳንዱ ከ250 ቀን በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን አላበላሸውም። ስለዚህ በአንዴ አምስት ነገር አይጀምሩ። ዘይቱን መለካት ሲዋሃድዎት ስኳሩን ይጨምሩ፣ እሱ ሲለመድ እርምጃውን።

በየቀኑ ልመዘን?

በሳምንት አንዴ ይበቃል። በተመሳሳይ ቀን፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሰው፣ ከቁርስ በፊት። ከዶሮ ወጥ ማግስት አይመዘኑ፤ ጨው ውሃ ስለሚይዝ ያልጨመሩትን ኪሎ ያሳይዎታል። ግብዎ ላይ ከደረሱ በኋላ ደግሞ አንድ መስመር ያስምሩ። ሁለት ኪሎ ከጨመረ በዚያው ሳምንት ወደ ልማዱ ይመለሱ። ሁለት ኪሎ በቀላሉ ይመለሳል። አሥር እስኪሆን የጠበቀ ሰው ከባዶ ይጀምራል።

ከሀገር ከወጣሁ በኋላ ነው የወፈርኩት። ለምን?

ብቻዎን አይደሉም። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን በሽታው በመካከላቸው በፍጥነት ጨምሯል። ያኔ ውሃ የሚቀዳበት፣ ገበያ የሚኬድበት እግር ቆሟል። ነጭ ዳቦ፣ ለስላሳና ስኳር በየሱቁ ሞልቷል።

ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ፣ ወይም ሌሊት ፓርኪንግ የሚሠራ ሰውም ቀኑን ተቀምጦ ይውልና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያገኘውን ይበላል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይርበዋል፤ የሚያምረውም ጣፋጭና ቅባት ነው። ለእነሱ የምለው መጀመሪያ እንቅልፉን አስተካክሉ፣ ከቤት ምግብ ቋጥራችሁ ውጡ ነው። መኪና ውስጥ ንፍሮና እንቁላል ያለው ሰው ነዳጅ ማደያ ገብቶ ዶናት አይገዛም። በአረብ ሀገር ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች የሚበሉበትን ሰዓትም ምግብም አይመርጡም። እዚያ የሚቻለው ሻዩን ያለ ስኳር ማድረግ፣ ሩዙን ከሰላጣ በኋላ መብላት ነው። ያም ዋጋ አለው።

ከወለድኩ በኋላ ያለው ክብደት አልሄድ አለኝ።

አይቸኩሉ። በአራስነት ዳይት አይጀመርም። የሚያጠቡ እናት በቀን ከ300 እስከ 500 ተጨማሪ ካሎሪ ያስፈልጋቸዋል። ገንፎውና አጥሚቱ የተዘጋጀው ለማገገም ነው። ከአራስ ቤት ከወጡ በኋላ ግን ቅቤው ይቀንስ፤ ገንፎው በየቀኑ መሆኑ ያብቃ። ልጅዎን አዝለው የሚሄዱበት ግማሽ ሰዓት ጥሩ ጅማሬ ነው።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

የስኳር፣ የግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ከመጀመርዎ በፊት ይሂዱ። ምግብ ሲቀንስ የመድኃኒቱ መጠንም መቀየር ሊኖርበት ይችላል። ሳይበሉ የሚጨምሩ ከመሰለዎት፣ ድካም፣ የብርድ ስሜትና የፀጉር መነቃቀል ካለ ታይሮይድዎን፣ አንገት ላይ ያለውን ዕጢ፣ ይመርመሩ። የወር አበባ የሚዛባባቸው ሴቶችም እንዲሁ ይታዩ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ክብደት ይጨምራሉ። በራስዎ አያቋርጧቸው፤ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ከዚህ ተቃራኒውንም አይናቁት። ምንም ሳይሞክሩ፣ እንደ ድሮው እየበሉ ኪሎ ከቀነሱ ደስ አይበልዎት። በስድስት ወር ወይም በዓመት ውስጥ ከክብደትዎ 5 በመቶው ሳይፈልጉት ከሄደ ምርመራ ያስፈልግዎታል። በተለይ ውሃ ጥምና ቶሎ ቶሎ መሽናት ካለ የደም ስኳርዎን ይለኩ። ሳልና የሌሊት ላብ ከተጨመረበት ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በነፃ ነው።